በስፒሪት ተራራ ድንጋዮች ላይ ቀለም አይቀባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በላስ ቬጋስ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጡት እየበዙ መምጣታቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከከተማው በስተደቡብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ስፒሪት ተራራ ለመሄድ ስንመካከር፣ «መንገዱ እንዳይጠፋን ቀድመን ድንጋዩን ቀለም እንቀባ፤ በየመታጠፊያውም ድንጋይ እንከምር» የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይነሣል። ሐሳቡ ለኋለኛው ሰው ከማሰብ የመነጨ መሆኑን ባውቅም፣ መቅረት እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ለአንባቢያን እንዳስረዳ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ይህን የግራናይት ተራራ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሞሃቪዎች አቪ ክዋ አሜ ይሉታል። እነርሱም ሆኑ የዩማ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ሌሎች ሕዝቦች፣ ዘራቸው የተገኘበት ቅዱስ ሥፍራ መሆኑን ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በሀገሪቱ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በ2023 ደግሞ በዙሪያው ያለው ከ200,000 ሄክታር የሚበልጥ በረሃ በፕሬዚዳንት ጆ ባይደን አዋጅ በስሙ ተከልሏል። በእንዲህ ያለ ክልል ድንጋይን ቀለም መቀባት በሕግ ያስቀጣል። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ለመሳለም ዝቋላ የወጣ ሰው፣ እንግዳ መጥቶ በዚያ አለት ላይ የቀለም ቀስት ቢሥል ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል።

ምልክት ለደኅንነት ይጠቅማል የሚለውም ክርክር በዚህ ተራራ ላይ አይጸናም። እስከ ጫፉ የሚያደርስ፣ ተሠርቶ የሚጠገን መንገድ ስለሌለ፣ ተጓዡ አሸዋማውን ደረቅ ፈፋ ተከትሎ ይነሣና በቋጥኞቹ መካከል በእጁም በእግሩም እየተደገፈ ይወጣል። ሲወጣ ሸንተረሩም ሰርጡም ወደ አንድ ጫፍ ስለሚሰበሰብ እምብዛም አይሳሳትም። ሲወርድ ግን ሁሉም በየአቅጣጫው ስለሚበተን፣ ከጫፉ ሥር በጥቂት ርምጃ የሳተ ሰው ታች ሲደርስ መኪናው ካለበት እጅግ ይርቃል፤ አለዚያም መውረጃ የሌለው ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። መንገድ የጠፋበት ሰው የከመረው ድንጋይ፣ ሰውየው ስህተቱን አርሞ ከተመለሰ በኋላም እዚያው ስለሚቀር፣ ቀጣዩ ተጓዥ ትክክለኛ ነው ብሎ ይከተለዋል። የሚያዋጣው በየጥቂት ደቂቃው ወደ ኋላ ዞሮ የመጡበትን ሰርጥ፣ የተለየ ቅርጽ ያለውን ቋጥኝና የብቸኛዋን ጥድ መልክ በዓይን መያዝ ነው። የስልክ ካርታም ይረዳል፤ ሆኖም በዚያ ኔትወርክ ላይ መተማመን ስለማይቻል ከቤት ሳይወጡ ሊጫን ይገባዋል።

የበረሃውን ጠባይ ማወቅም ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። በአቅራቢያው በምትገኘው ላፍሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994 የተመዘገበው 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት በኔቫዳ ታሪክ ከፍተኛው ነው፤ ስለዚህ በአሜሪካ የበጋ ወራት ይህን ተራራ ማሰብም አይገባም። በክረምት ደግሞ ቀኑ አጭር ነው፤ በዲሴምበር ፀሐይ በሀገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም ፊት የሚመለስበት ሰዓት ከመነሻው መቆረጥ አለበት። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ሰርጡ ውስጥ እንደ ቀንጠፋ ልብስም ቆዳም የሚይዝ፣ ቆልማማ እሾህ ያለው የግራር ዘመድ ስለሚበዛ፣ ረጅም ሱሪና እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ መልበስ ግድ ነው።

ስለሆነም ጋዜጣችሁ የማኅበረሰባችንን የጉዞ ማስታወቂያዎች በሚያትምበት ጊዜ፣ የመነሻው ሰዓትና የመዋጮው መጠን ብቻ ሳይሆን የመመለሻው ሰዓት፣ የሚያዘው ውሃና በድንጋዮቹ ላይ ምንም ምልክት የማይደረግ መሆኑ አብሮ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ተራራውን ቀድሞ የወጣና ያለ ምልክት መርቶ ማውረድ የሚችል ሰው ካልተገኘ፣ ጉዞው እዚያው አካባቢ ወዳለው ግሬፕቫይን ሸለቆ ይለወጥ። ከመኪና ማቆሚያው በአጭር የእግር መንገድ ከ700 በላይ ጥንታዊ የአለት ላይ ቅርጾች ስለሚገኙ፣ በእጅ ሳይነኩ እስከታዩ ድረስ ሕፃናትና አረጋውያንም አብረው ሊጓዙ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከላስ ቬጋስ