የተያዘው ሁሉ ያጠፋው ሁሉ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ወንጀልና ድህነት ሲነሱ የፖሊስና የእስር ቤት አኃዝ ተጠቅሶ ድሃው አብዝቶ ያጠፋል ይባልና ጉዳዩ እንደተቋጨ ይቆጠራል። አኃዙ የሚነግረን ግን ማን እንደተያዘ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ያቀረበው ማብራሪያ አሁንም ዋጋ አለው፦ ኅብረተሰቡ ሀብትን የሁሉም ግብ ያደርጋል፣ ሕጋዊውን መንገድ ግን ለሁሉም እኩል አይከፍትም፤ መንገድ ካጡት ከፊሎቹ በአቋራጭ ይሄዳሉ። ድክመቱ የመንግሥትን አኃዝ እንዳለ መቀበሉ ነው። ሌላው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ በ1939 እንዳሳየው የነጋዴውና የባለሙያው ማጭበርበር ብዙ ጊዜ የሚታየው በወንጀል ችሎት ሳይሆን በአስተዳደር አካላትና በፍትሐ ብሔር ክስ ስለሆነ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ሕጉም ራሱ ያዳላል። አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ፣ በድሃ ሰፈሮች በትንሽ በትንሹ የሚቸረቸረውን ክራክ (የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት) 5 ግራም ለሽያጭ የያዘ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰር ነበር። በዱቄት ኮኬይን ያንኑ ቅጣት ለማግኘት 500 ግራም ያስፈልጋል። ክራክ የሚሠራው ከዚያው ዱቄት፣ ከቤኪንግ ሶዳና ከውኃ ጋር በማፍላት ነው! በ2010 የክራኩ መጠን ወደ 28 ግራም ከፍ አለ፤ የዱቄቱ አልተነካም። አስቀድሞ የተፈረደባቸው እስረኞች ግን ማሻሻያውን ለመጠቀም የ2018ን ሕግ መጠበቅ ነበረባቸው። ይህ ግፍ ነው።

ስለዚህ የወንጀል አኃዝ ስታትሙ የግብርና የግዥ ማጭበርበር ተቆጥሮበት እንደሆነ፣ የፖሊስ ቅኝትስ በየትኞቹ ሰፈሮች እንደሚበዛ አብራችሁ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር