ለታዴ፣ ስለ ካስያን

ታዴ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ዝምታዬ በዛ፣ ይቅር በለኝ። ቁጣህን ስንገናኝ እቀበላለሁ። አሁን አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የምጽፍልህ።

ልጅህ የተወለደች ሌሊት፣ ፌብሩዋሪ 29፣ ያቺ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣዋ ቀን። እዚያ ሩሲያ፣ ቮሮኔዥ ከተማ ላይ እኛ ስንጨፍር አማትህ አማተቡና «ካስያን» ብለው ዝም አሉ። አንተ «ተዋቸው፣ የድሮ ሰው ናቸው» አልከኝ። ፊታቸው ግን ከልቤ አልወጣም። ሰሞኑን ስለዚያ ቅዱስ እያነበብኩ ነው።

ተረቱን መቼም ሰምተኸዋል። የገበሬው ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ካስያን ልብሴ ይቆሽሻል ብሎ አለፈው። ቅዱስ ኒኮላ ግን ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጋሪውን ገፋለት። እግዜርም ለኒኮላ በዓመት ሁለት በዓል ሰጠው፤ ለካስያን ግን በአራት ዓመት አንዴ።

ኒኮላ ታኅሣሥ 10 በስንክሳራችን የሚታሰበው የሜራው ጳጳስ ኒቆላዎስ ነው። ሩሲያ ሲገባ የገበሬው ቅዱስ ሆነ፤ ከብት ይጠብቃል፣ መንገደኛ ይረዳል። የሩሲያው ምሁር ቦሪስ ኡስፔንስኪ በ1982 ባሳተመው ጥናት፣ የጥንቱ የስላቮች የከብት አምላክ የቬሌስ ጠባይ ወደ እሱ ተሻግሯል ይላል። እኔ በዚህ አልከፋም። ጳጳስ ለገበሬ ብሎ ጭቃ ሲገባ ደስ ይለኛል።

ካስያን ግን ተበድሏል፣ ታዴ! ሰውዬው ዮሐንስ ካስያን ነው። በወጣትነቱ ግብፅ ወርዶ ከአስቄጥስ በረሃ መነኮሳት እግር ስር የተማረ። ከአባቶች የሰማውን በላቲን ጽፎ ለምዕራቡ ዓለም ያስተላለፈ። በ415 ገደማ ማርሴይ ላይ ገዳማት መሠረተ፣ በ435 ገደማ ዐረፈ። ስለ ትዕቢትና ስለ ቁጣ እንዲያ አድርጎ ያስተማረ ሰው በተረቱ ለልብሱ የሚሳሳ ሆነ። ምን አደረገ? በዓሉ ፌብሩዋሪ 29 ላይ ዋለ፣ በቃ። ሰዉ ያቺን ቀን ይፈራል፤ ፍርሃቱን ሁሉ እሱ ላይ ጫነው። «ካስያን ያየው ሁሉ ይጠወልጋል» ይላሉ። ዩክሬን ውስጥ ደግሞ ሽፋሽፍቱ እስከ ጉልበቱ ወርዶ ዓይኑን ጋርዶታል፣ የሚገልጠው በዚያች ቀን ብቻ ነው፣ ያኔ ያየው ነገር ይጠፋል የሚል አለ። ይህን ያነበብኩ ለት መጽሐፉን አጥፌ ወጣሁ።

እና ልጅህ ትዝ አለችኝ። እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ... ስለ ልደቷ ምን እየሰማች አደገች? አያቷ በዚያች ቀን ያቅፏታል ወይስ ዛሬም ያማትባሉ? ካስቀየምኩህ እለፈው።

ካላስቀየምኩህ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። አማትህን ቀስ ብለህ ጠይቃቸው። በመንደራቸው ስለ ካስያን ምን ይባል ነበር? እናታቸው ምን አሏቸው? በዚያች ቀን ከቤት የማይወጣበት አገር ነበር ይባላል፣ እነሱስ? አንተ መቼም እሳቸው ፊት ምላስህ ይተሳሰራል፤ ካቃተህ ልጅቷ ትጠይቅ። አያቶች ለልጅ ልጅ ነው የሚያወሩት። ለሷም ካስያን ማን እንደነበረ ንገርልኝ። የተወለደችው በአንድ ደግ መነኩሴ ቀን ነው።

ብቻ ስልክ አትደውል፣ ጻፍልኝ። አማትህ ያሉትን ሳታሳምር፣ በሩሲያኛው እንዳለ።

ወንድምህ