«ሥራ የላትም» የምትባለው እናት

ለአዘጋጁ፦

ቤት የምትውል እናት «ሥራ የላትም» ትባላለች። ሊጡን በእርሾ አቡክታ ሁለት ሦስት ቀን ታቆያለች፣ አብሲት ትጥላለች፣ ምጣዱን አስሳ ትጋግራለች። ያው እንጀራ ከሱቅ ሲገዛ በአገር ምርት ይቆጠራል፤ ከጓዳ ሲወጣ አይቆጠርም።

ሕጉ ከእኛ አፍ ይሻላል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ በጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ በፍቺ ጊዜም እኩል ይካፈላል። ደመወዙን ማን አመጣው ብሎ አይጠይቅም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ ከወጣ ቤቱ ሚስት ሳትፈርም ሊሸጥ ይችላል። ውሉን ለማፍረስ ያላት ጊዜ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው፤ ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው ደግሞ ጭራሽ አይሰማላትም። ስለዚህ ንብረት ሲገዛ ካርታውም ሊብሬውም በሁለቱም ስም ይውጣ፤ የጋብቻ የምስክር ወረቀቱም ከእጇ አይራቅ።

ቢሮ የምትውለዋን ደግሞ «ልጇን ለሠራተኛ ጥላ» እንላታለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከረው ግን እስከ 6 ወር። ልዩነቱን የምትሸፍነው ወተቷን አልባ በማስቀመጥ ነው። የታለበ ወተት ደግሞ ያለ ፍሪጅ ከ4 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ስንት መሥሪያ ቤት ነው የሚዘጋ ንጹሕ ክፍልና ፍሪጅ ያለው? ሽንት ቤት ገብታ የምታልብ እናት መኖሯ ሊያሳፍረን ይገባል።

አባትስ? ይኸው አዋጅ የሚሰጠው 3 ቀን ነው።