ስለተቆረጡ ስሞች፣ ስለጠፉ ቀኖች እና ሐምሌ ውስጥ ስለምናደርገው የዳታቤዝ ዝውውር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት የአባላትን ቁጠባና ብድር የምትመዘግቡበት ሲስተማችን ለ40 ደቂቃ ያህል ቆሞባችኋል። አባላት ደብተራቸውን ይዘው ተሰልፈው፣ ገንዘብ ያዦቻችሁ «ሲስተም የለም» እያሉ ሲመልሱ እንደነበር እናውቃለን። ብዙዎቻችሁ ደወላችሁ። የዚያን ዕለት የሰጠናችሁ መልስ «ተስተካክሏል» የሚል ብቻ ነበር። ይህ አይበቃም። የቁጠባና ብድር ማኅበር ማለት የሰው ገንዘብና የሰው ስም በአደራ የተቀመጠበት ቤት ነው። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ልንነግራችሁ፣ ለቀጣዩ ሥራም እገዛችሁን ልንጠይቅ ይህን ደብዳቤ ጻፍን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስም ነው። የአንዱ ማኅበር ሒሳብ ሹም ደወለችልን። አዲስ በታተመ የቁጠባ ደብተር ላይ የአባሉ አባት ስም «ኃይለማርያ» ላይ ያበቃል። ከዚያ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ያለበት ትንሽ ሳጥን አለ። «የአባቴን ስም ምን አደረጋችሁት ብሎ ተቆጥቶ ሄደ» አለችን። ቢቆጣ እውነቱን ነው።

ምክንያቱን ወዲያው አገኘነው። ሲስተሙን መጀመሪያ ስንሠራ የነበረው ማይኤስኪውኤል 5.1 የተባለ ዳታቤዝ (መረጃ ማስቀመጫ ፕሮግራም) ሌላ ካልታዘዘ በቀር ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ላቲን 1 በሚባለው አሠራር ነበር። በዚያ አሠራር አንድ ፊደል አንድ ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ ትንሽ መለኪያ) ነው። የእኛ ፊደል ግን የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ በሚጻፉበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር ሲጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። ለስም የመደብነው ቦታ 20 ነበር። 20 ፊደል የሚይዝ መስሎን ነበር፤ የሚይዘው ግን 20 ባይት ነው። ስድስት ፊደል 18 ባይት ይጨርሳል። ሰባተኛው ፊደል ሁለት ባይት ብቻ ይደርሰውና ሦስተኛዋ ትቆረጣለች። አበበ፣ ከበደ፣ ጫልቱ ምንም አይሆኑም። ኃይለማርያም፣ ሀብተማርያም፣ ወልደአማኑኤል ግን ይቆረጣሉ። ገብረእግዚአብሔር «ገብረእግዚ» ሆኖ ይቀራል።

ዳታቤዙ እንዲህ ሲቆርጥ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ፕሮግራማችን ግን ማስጠንቀቂያውን አያነብም ነበር። ከ5.7 ስሪት ጀምሮ ማይኤስኪውኤል ከቦታው የሚያልፍ ጽሑፍ ሲመጣለት ጭራሽ አልቀበልም እንዲል ሆኖ ነው የሚጫነው። እኛ ወደ 5.7 ስንሻገር፣ አሮጌው ፕሮግራም እንዳይቆም ብለን ያንን ቁጥጥር አጠፋነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።

አሁን ወደዚያ ሰኞ እንመለስ። የሒሳብ ሹሟን ስልክ እንደዘጋን የስሙን ቦታ ከ20 ወደ 60 ለማስፋት ትእዛዝ ሰጠን። በሥራ ሰዓት መሆኑ ሌላው ጥፋታችን ነው። በዚያው ሰዓት እዚያው ማኅበር ውስጥ አንድ ኮምፒውተር የአባላት ሪፖርት ከፍቶ ሳይዘጋ ቆይቶ ነበር። ሪፖርቱ ካልተዘጋ ሠንጠረዡን መለወጥ አይቻልም፤ የእኛ ትእዛዝ ወረፋ ያዘ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ደግሞ፣ ስም መፈለግም ቢሆን፣ ከኋላው ተሰለፈ። ልክ በጠባብ በር ላይ አንድ ሰው ቁም ሳጥን ይዞ እንደቆመ አስቡት።

እዚህ ላይ «ችግሩ የአንድ ማኅበር ከሆነ እኛ ለምን ቆምን?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የየማኅበሩ ዳታቤዝ ለየብቻው ነው። ሰርቨሩ (ዳታቤዞቹ ሁሉ ያሉበት ዋና ኮምፒውተር) ግን የጋራ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ግንኙነት ደግሞ ልኩ 151 ነው። የመጀመሪያው ማኅበር ገንዘብ ያዦች «እንቢ አለ» እያሉ ደጋግመው ሲሞክሩ እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ቦታ ይዞ ቀረ። 151ዱ ሞላ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ፣ ከየትኛውም ማኅበር ይሁን፣ ከበር ተመለሰ።

በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ሥራዎች ዝርዝር ስናወጣ ወረፋው እንዳለ ታየን። የራሳችንን ትእዛዝ ሰርዘን የተረሳውን ሪፖርት ስንዘጋው በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ተለቀቀ። 40 ደቂቃ የፈጀብን ቀድመን ኔትወርኩን ስንመረምር ስለቆየን ነው። ያንን ትእዛዝ ባንሰርዘው ኖሮ በማይኤስኪውኤል ልማድ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊጠብቅ ይችል ነበር። አሁን ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ወደ 5 ሰከንድ አውርደነዋል። የሠንጠረዥ ለውጥም ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ እንዲደረግ ወስነናል።

ስሞቹን ስናጣራ ሌላ ነገር ወጣ። ከስሞቹ ይልቅ ያሳሰበን ይኸኛው ነው።

አባሉ የተመዘገበበትን ቀን የምታስገቡት በእኛ አቆጣጠር ነው። ፕሮግራማችን ያንን ቀን እንዳለ በፈረንጅ ቀን መያዣ ቦታ ያስቀምጠው ነበር። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው። ስለዚህ ጥቅምት 30 ለዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጥቅምት 29ም ዓመቱ ለአራት ካልተካፈለ የለም። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ 13ኛ ወር ናት። ቁጥጥሩ ጠፍቶ ስለነበር ዳታቤዙ እነዚህን ቀኖች ሁሉ በዜሮ እየተካ ዝም ብሎ ተቀበላቸው። ጳጉሜን 3 ቀን የተመዘገበ አባል ዛሬ የምዝገባ ቀኑ ዜሮ ነው። ደንባችሁ «ስድስት ወር ያልቆጠበ ብድር አይጠይቅም» የሚል ከሆነ ሲስተሙ ወሩን ማስላት ስለማይችል አይፈቅድለትም። አንዳንዶቻችሁ «ይህ አባል ለምንድነው የሚከለከለው?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። መልሱ ይኸው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አትስጉ። ብሩና ሳንቲሙ ከመጀመሪያውም የአስርዮሽ ቁጥርን በልኩ በሚይዝ ቦታ ስለተቀመጠ አልተነካም። ወለድም የሚሰላው ገንዘቡ ገቢ በተደረገበት የሰርቨር ሰዓት ነው፤ ሰርቨሩ ያንን ሰዓት የሚመዘግበው ራሱ ነው።

ለዚህ ሁሉ ማስተካከያ ዳታቤዙን ወደ አዲስ ሰርቨር እናዛውራለን። ማይኤስኪውኤል 5.7 ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከአምራቹ የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣለትም፤ እስካሁን እዚያ መቆየት አልነበረብንም። የምንገባው ረጅም ድጋፍ ወዳለው 8.4 ነው። ከ5.7 በቀጥታ ወደ 8.4 ማሻሻል ስለማይቻል መጀመሪያ 8.0 ላይ አሳርፈን ነው የምንሻገረው።

የስም ቦታዎቹን መጀመሪያ ወደ ጥሬ ባይት፣ ከዚያ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ወደሚይዘው ዩኒኮድ እንቀይራቸዋለን። ይህን መሃል ዘሎ በቀጥታ መቀየር ትልቅ አደጋ አለው። ዳታቤዙ ባይቶቹን ላቲን ናቸው ብሎ ስለሚያምን አንዱን ፊደል ወደ ሦስት የማይነበብ ምልክት ይለውጠዋል። በሙከራ ቅጂው ላይ ሆን ብለን አድርገን አይተነዋል፤ አንድም ስም አልተነበበም። ቀኖች ከእንግዲህ ውስጥ ለውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጣሉ፤ እናንተ የምታዩትና የምታስገቡት ግን እንደ ልማዳችሁ በእኛው ነው። ፍለጋውም ይሻሻላል። «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበን ስም «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። ስሙ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል።

ስለ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አንድ ነገር እንበል። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የታወቀ የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ሰርቨር ዳታ አጠፋ። ባክአፕ ሲፈለግ፣ የዳታቤዙ ቅጂ የሚወሰድበት ፕሮግራም ስሪቱ ከዳታቤዙ ስሪት ጋር ስላልገጠመ ሥራውን ሳይሠራ ኖሯል። ወደ ስድስት ሰዓት የሚጠጋ ዳታ ጠፋባቸው። እነሱ ይህንን ለዓለም በግልጽ በመጻፋቸው እኛ ዛሬ እንማርበታለን። ለዝውውሩ የምንወስደውን ባክአፕ ወስደን ብቻ አንተወውም። ባዶ ሰርቨር ላይ ከፍተን የእያንዳንዱን ማኅበር ጠቅላላ ቁጠባና የብድር ቀሪ እናወጣለን። ያንን ወረቀት ከዝውውሩ በፊትና በኋላ እንልክላችኋለን። ሁለቱ በሳንቲም ካልተጋጠሙ በአሮጌው ሰርቨር ላይ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ። አሮጌው ሰርቨር ከዝውውሩ በኋላም ለ30 ቀን ሳይነካ ይቀመጣል።

ድምር ቢገጥምም ስም ልክ ነው ማለት አይደለም። የእናንተ እገዛ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። «ኃይለማርያ»ን ብናይ የጎደለው «ም» መሆኑን ማናችንም እንገምታለን። ዳታቤዙ ውስጥ የቀሩት ሁለት ባይቶች የሚነግሩን ግን ፊደሉ ከሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ቤቶች አንዱ መሆኑን ብቻ ነው። 64 ፊደል ማለት ነው። «ወልደአማኑ»ም አማኑኤል ይመስላል፤ ግን በግምት የሰው ስም አንጽፍም። ትክክለኛው ስም ያለው እናንተ ጋ በሚገኘው የአባልነት ቅጽ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለየማኅበሩ ሁለት ዝርዝር እንልካለን። አንዱ የተቆረጡ ስሞች ነው፤ ሌላው ዜሮ የሆኑ ቀኖች። ከቅጹ ጋር አመሳክራችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉልን። በኮምፒውተር መጻፍ ካስቸገረ በእጅ ጽፋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ እኛ እናስገባዋለን። ቅጹ የጠፋበት አባል ካለ አባሉን ጠይቁት እንጂ አትገምቱ። የአንዳንዱ ማኅበር ዝርዝር ረጅም ነው፤ ሥራ እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን። ካስፈለገ አንድ ሰው ልከን አብሯችሁ ይሠራል፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያችሁ ስለሆነ ከዚያ በፊት ምንም አንነካም። ዝውውሩ የሚደረገው በሐምሌ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የየትኛው ማኅበር ተራ በየትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ደውለን እንነግራችኋለን። ከተራችሁ በፊት ገንዘብ ያዥ መስኮት ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮች ፕሮግራም ማደስ ይኖርብናል። አሮጌው ፕሮግራም የሚጠቀምበትን የይለፍ ቃል አሠራር 8.4 ሌላ ካልታዘዘ በቀር ስለማይቀበለው ያልታደሰ ኮምፒውተር ሰኞ ጠዋት አይገባም። መጋዘን ውስጥ ወይም ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ አንዳንዴ ብቻ የሚከፈት ኮምፒውተር ካላችሁ እባካችሁ አሁኑኑ ንገሩን።

ደብተሩ የተበላሸበት አባል አዲስ ደብተር ታትሞለታል፤ «ኃይለማርያም» በሙሉ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ደብተር የወጣበት ሌላ አባል ካላችሁ ዝርዝሩን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ደውሉልን።

ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር፣
የዳታቤዝ ክፍል