እማዬ፣ ከክፍል አልወጣም

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን ገና ሳልጀምር «በቃ፣ ካርድህ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ።

ነገሩ ያ የቢሮ ሥራ ነው። ሱፐርቫይዘር ሁን መባሌን ሰምተሻል። ጎረቤት ጠርተሽ፣ ቡና አፍልተሽ «ልጄ ከጠመኔ ሊገላገል ነው» ማለትሽን እኔም ሰምቻለሁ። እማዬ፣ አልፈልግም ብያለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የተመኘሽልኝ ሐኪምነት እንደነበር አልረሳሁም። አባዬን ጎንደር ሆስፒታል ስናስታምም፣ ነጭ ጋዋን የለበሱትን ልጆች እያየሽ «አንተንም እንዲህ ለብሰህ ባየሁህ» ያልሽኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ ሳይበቃ ሲቀር አንዲት ቃል አልተናገርሽም። ሁለት ቀን ግን እህል አልቀመስሽም። እኔም መምህራን ኮሌጅ የገባሁት ወድጄ አልነበረም፤ ሌላ በር ስላጣሁ ነው። ፍቅሩ የመጣው ኋላ ነው።

የመጣበትን ቀን አስታውሳለሁ። ገጠር በተመደብሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» የሚል የተጻፈበት አንድ ክፍል ነበር፤ ውስጡ የተሰባበረ ወንበር ተከምሮበታል። ስለ አሲድና ቤዝ ላስተምር ነው። መጽሐፉ ሊትመስ ወረቀት ይላል፤ አሲድ ወይም ቤዝ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት ነው። ከየት ይምጣ? ማታ ያስያዝሽኝን ስንቅ ስፈታ እርዱ እጄ ላይ ወጣ። ያኔ ነጠላሽ ትዝ አለኝ። አልጫ ፈሶበት፣ ቢጫውን ላስለቅቅ ብለሽ ሳሙና ስትመቺው ደም መስሎ ቀላ። «በስመ አብ!» ብለሽ ከሳፋው የሸሸሽው አይረሳኝም። እርዱን በጥብጬ የደብተር ወረቀት ነከርሁበት። አድርቄ በማግስቱ ይዤው ገባሁ። የሳሙና ውሃ ጠብ ሳደርግበት ቀላ። ሎሚ ስጨምቅበት ወደ ቢጫው ተመለሰ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ድገመው!» አለ። ስልሳ ልጅ ግር ብሎ መጥቶ ጠረጴዛዬን ከበበው። ያን ማታ እራቴንም ረሳሁ። ነገ ደግሞ ምን ላሳያቸው እያልሁ ስገላበጥ ነጋ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። አራት ዓመት ገጠር፣ በየክረምቱ ተመላልሼ የያዝኋት ዲግሪ፣ ከዚያ ዝውውር ወደ ጎንደር። ከጀማሪ መምህር ተነስቼ ከፍተኛ መምህር ሆኛለሁ። ከፊቴ ተባባሪ መሪ መምህር አለ፣ መሪ መምህር አለ። «መቼ ታድጋለህ?» ስለምትይኝ ነው ይህን የምዘረዝርልሽ፤ ክፍል ውስጥ ሆኖም ይታደጋል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጤፍ አይደርስም፣ እሱ እውነት ነው። ማታ ማታ የማስጠናውም ለዚያ ነው።

አሁን የማስተምረው ሰባተኛና ስምንተኛ ነው። አስቸጋሪ ዕድሜ ነው ይላሉ። የወንዶቹ ድምፅ ይጎረንናል፤ ትናንት ሲጮኹ የነበሩት ሴቶች ድንገት እጅ ማውጣት ያፍራሉ። እኔ ግን ከዚህ የምወደው ዕድሜ የለም። «ለምን?» ማለትን ገና አልተዉም፤ መልሱን ለመረዳት ደግሞ ደርሰዋል።

ባለፈው ሳምንት ስለ መፍላት ነበር የምንማረው። ግቢው ውስጥ ከሰል አቀጣጠልንና ውሃ ጣድን። ያለን ቴርሞሜትር አንድ ነው፤ በመሐረብ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። ቁጥሩን እንድታነብ የመረጥኋት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ውሃው ተንተከተከ። «ዘጠና ሦስት» አለች። መጽሐፉ ግን 100 ይላል። ጠበቅን። ከሰል ጨመርን፣ አራገብን። አሥር ደቂቃ አለፈ። አሁንም 93። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል!» ብለው ጮኹ። እሷ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል «አልተበላሸም። ውሃው ነው እምቢ ያለው» አለች።

ዝም አልሁ። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት፣ እማዬ፣ ከማስተማር ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ቆይቼ ስለ አንቺ ነገርኋቸው። አክስቴ ጎንደር ላይ ቶሎ የምታበስለው ባቄላ ደባርቅ አንቺ ዘንድ ሲደርስ ማገዶ እንደሚጨርስ፣ አንቺም ክዳኑ ላይ መጁን እንደምትጭኚበት። «ለምን ይመስላችኋል?» አልኋቸው። ደወል እስኪደወል ተከራከሩ። ደረሱበት ደግሞ! ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከላያችን ያለው አየር ምፅዋ ወደብ ላይ ካለው ያንሳል። ውሃውን የሚጫነው ስለቀነሰ ቀድሞ ይፈላል፤ አንዴ ከፈላ ወዲያ ደግሞ እሳት ብትጨምሪ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ደባርቅ ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ስለዚህ ባቄላሽ ውሃው እየተንተከተከም በቂ ሙቀት አያገኝም። መጁ እንፋሎቱን ያፍነዋል፤ ፕሬዠር የሚባለው ድስት የሚሠራውን በጥቂቱ ይሠራል። ማን አስተማረሽ?

ሱፐርቫይዘር ብሆን ቅጽ ይዤ ከኋላ ተቀምጬ ሌላው ሲያስተምር እመዝናለሁ። ክፉ ሥራ አይደለም፤ የሚወዱት ይሥሩት። እኔ ያቺ ልጅ «ውሃው ነው እምቢ ያለው» ስትል አጠገቧ መቆም ነው የምፈልገው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ጊዜ እጇን አውጥታለች። እየቆጠርሁላት ነው።

ጋዋኑን ደግሞ እኔም እለብሳለሁ፣ እማዬ። ነጭ ነው። እጅጌው ጠመኔ አያጣውም እንጂ ሰኞ ሰኞ አጥቤ፣ ተኩሼ ነው የምገባው። ጉልበትሽ ሲሻልሽ መጥተሽ እዪኝ።

ለመንፈቁ ዕረፍት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ እመጣለሁ። ቴርሞሜትሩንም ይዤው ነው የምመጣው። ደባርቅ ላይ ውሃ በስንት እንደሚፈላ ልጆቹ ሁሉ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ጽፈዋል። ያቺ ልጅ 90 ብላለች። ባቄላውንም አንዴ ያለ መጅ፣ አንዴ ከመጁ ጋር ቀቅለን ሰዓት እንይዛለን። ለማገዶው አታስቢ፣ እኔ እገዛለሁ። አንቺ ባቄላውን ብቻ ከዋዜማው ዘፍዝፊልኝ።

ልጅሽ
ከጎንደር