ፈረስ ገደል የወጣበት ዓመት፦ የክርክር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት መጀመሪያ የአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ቀማሁ። የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነው። እኔ ስለ ኮንቱር መስመር ሰሌዳ ላይ እለፋለሁ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይስላል። ደብተሩን ገልጬ ሳየው ካርታ ነው። ተራራ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ከተሞቹ በስማቸው ተጽፈዋል። አቅጣጫ ማሳያ እንኳ አልረሳም። በሳምንቱ ለሰጠኋቸው የቤት ሥራ ግን አቅጣጫ ማሳያ ረስቶ ሁለት ማርክ ቀንሼበት ነበር።

«ይሄ የት አገር ነው?» አልኩት።

«ስካይሪም ነው ቲቸር።»

አውሮፓ ውስጥ ያለች ሳላውቃት የቀረሁ ትንሽ አገር መሰለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ጌም መሆኑን የነገረችኝ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ልጅ ናት። እሷም ነገሩን በዚያ ብትተወው ጥሩ ነበር። «ግን ዜልዳ ይበልጠዋል» ብላ ጨመረች። ከኋላ አንዱ «ምኑ ነው የሚበልጠው?» አለ። ኮንቱር መስመር እዚያው ቀረ።

የክርክር ክበቡ ተጠሪ እኔ ነኝ። ባለፉት ዓመታት «ከእውቀትና ከሀብት»፣ «ከከተማና ከገጠር ኑሮ» እያልን ስንከራከር ኖረናል። ሁሉም መልሱን ስለሚያውቀው የሚመጣው ሰው አሥር አይሞላም ነበር። እውቀት ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ተከራካሪው ሲወጣ ግን ሀብትን ይመርጣል። እነዚህ ልጆች ግን ያለ አጀንዳ፣ ያለ ሰዓት ቆጣሪ፣ በኔ ክፍለ ጊዜ እየተሟገቱ ነው። ሐሙስ ከ9፡30 በኋላ ቤተ መጻሕፍት ኑ አልኳቸው። ርዕሱ «በምናባዊ ዓለም ከተሠሩ ጌሞች ምርጡ የቱ ነው?» ሆነ። የመጀመሪያው ሐሙስ 31 ልጅ መጣ። ወንበር አነሰን።

መጀመሪያ የተጣላነው ምናባዊ ዓለም ማለት ምን እንደሆነ ነው። ፊፋ የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም ብቻ የሚጫወት አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ተነስቶ «ፊፋም ፋንታዚ ነው» አለ። «አዲስ ያደገ ትንሽ ቡድን ይዤ በአንድ ዓመት የሊግ ዋንጫ እበላለሁ። ይሄ በእውን ይሆናል?» አለ። ጥሩ ነጥብ ነበር፤ የተናገረው ጅማ ላይ ባይሆን። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ባደገበት ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን ወስዷል። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ልጁም እየሳቀ ተቀመጠ። ግን ክበቡን አልለቀቀም፣ ኋላ ሰዓት ቆጣሪያችን ሆነ።

ሁለተኛው ጸብ «ጎድ ኦፍ ዋር» ላይ ነው። ብዙዎቹ ወንዶች ፒፒኤስኤስፒፒ በሚባል፣ የማሽን ጌም በስልክ በሚያስጫውት መተግበሪያ የተጫወቱት እሱን ነው። ፋይሉን ዜንደር በሚባል የፋይል ማስተላለፊያ ይቀባበሉታል። የግሪክ አማልክት ታሪክ ምናባዊ ዓለም ነው ወይስ አፈ ታሪክ? ሁለት ሐሙስ በላብን። በመጨረሻ በድምፅ አስወጣነው። አሁን ሳስበው ልክ አልነበርንም፤ ልጆቹ በእጃቸው የያዙትን ብቸኛ ጌም ነው ያስወጣንባቸው።

ይህም ትልቁን ጥያቄ አመጣ። አብዛኞቹ ልጆች የሚሟገቱላቸውን ጌሞች አልተጫወቷቸውም። ጌም ቤት ያለው ፊፋ ነው። ዜልዳ ለመጫወት የኒንቴንዶ ማሽን ያስፈልጋል፣ ያንን ጅማ ውስጥ በእጁ የያዘ ተማሪ እስካሁን አላገኘሁም። ያዩት በዩትዩብ ነው፣ ሌላ ሰው ሲጫወት። «ያልተጫወትከውን እንዴት ትሟገታለህ?» ተባለ። አንዱ «ቲቸር፣ እርስዎ ለአርሰናል ስንት ጊዜ ተጫውተዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ የተጫወተ «ተጫውቼ» ይበል፣ ያየ «አይቼ» ይበል። መዋሸት ነጥብ ያስቀንሳል። ሌላው ደንብ የኔ ነው፤ «ግራፊክሱ ያምራል» ማለት ብቻውን እንደ ምክንያት አይቆጠርም።

ለታኅሣሥ ክርክር አራት ጌሞች ቀረቡ፦ ስካይሪም፣ ዜልዳ፣ ዊቸር 3 እና ኤልደን ሪንግ። ፋይናል ፋንታሲን ያቀረበ ልጅ ነበር፤ ገና ማጣሪያው ላይ በቀልድ ወደቀ። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ስሙ «የመጨረሻው» ማለት ነው፣ ቁጥሩ ግን 16 ደርሷል። «የመርካቶ ነጋዴ የመጨረሻ ዋጋ ነው እንደሚለው ነው» አለች አንዷ። ከዚያ በኋላ ማን ይስማው?

የስካይሪም ቡድን መሪ ደብተሩን የቀማሁት ልጅ ነበር። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 2011 ነው፤ በፈረንጅ ቁጥር 11/11/11። የሠራው የአሜሪካው ቤተስዳ ነው። ልጁ ያመጣው ማስረጃ እኔን የጂኦግራፊ መምህሩን ማረከኝ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ዳገርፎል የሚባል ጌም አውጥቶ ነበር። ስፋቱን የታላቋ ብሪታኒያን ያህል ነው ብለውታል። አብዛኛውን መንደርና መንገድ የሠራው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው። ስካይሪም ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ ግን ሰው በእጁ ነው ያበጃጀው። «ሰዎች መንገዱን በቃላቸው የሚያውቁት የትንሹን ነው» አለ ልጁ። ካርታውን በቃሉ የሳለው እሱ ራሱ ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም።

ተቃዋሚዎቹ ግን ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ስካይሪም ውስጥ ከፍተኛው ተራራ ላይ ወዳለው ገዳም የሚያወጣ መንገድ አለ። ስሙ 7,000 ደረጃዎች ነው። ቁጭ ብለው የቆጠሩ ተጫዋቾች ግን 1,000 እንኳ አይሞላም ይላሉ። «ዓለሙ ራሱ ይዋሻል!» ተባለ። የስካይሪም ቡድን ተደናገጠ። እኔ በውስጤ ተከላከልኩላቸው። አያቴ ሲተርቱልን ጀግናው ሁልጊዜ ሰባት ተራራ፣ ሰባት ወንዝ ነበር የሚሻገረው። ማን ቆጠረ?

የዜልዳ ቡድን ያተኮረው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ላይ ነው። ያየኸውን ተራራ ሁሉ መውጣት ትችላለህ። ዝናብ ከመጣ ግን ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትንሸራተታለህ። ነጎድጓድ ሲሆን ብረት ከያዝክ መብረቅ ይመታሃል። ልጅቷ ይህን ስታስረዳ ውጭ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ይደበደብ ነበር፣ በታኅሣሥ። «ይሄ ጌም ጅማ ተቀምጠው ነው የሠሩት» አለ አንዱ። ዳኞቹም ሳቁ።

እሷ የነገረችን ሌላም አለ። የዳይሬክተሩ የሂደማሮ ፉጂባያሺ ቡድን የጌሙን ዓለም ስፋት ሲወስን፣ እሱ የሚያውቃትን የኪዮቶን ካርታ በላዩ ላይ አስቀምጦ ነበር። ከዚህ እዚያ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ እግሩ ያውቀዋላ። ይህን እንደሰማሁ ለሚቀጥለው ሐሙስ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ሁሉም የተለያየ ቁጥር ይዞ መጣ። አንዱ የጻፈው የባጃጁን ደቂቃ ነበር። ሌላዋ መንገድ ላይ ሰላም ያለቻቸውን ሰዎች ጨምራ ነው የቆጠረችው። ለእሷ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

ስለ ዊቸር 3 ብዙ አልልም። ጌሙ ከፖላንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፤ ጭራቆቹ ከአገራቸው ተረት የመጡ ናቸው። ጥሩ ጉዳይ ነበር። ተከራካሪዎቹ ግን ሳይዘጋጁ መጡ። ከተሰጣቸው ሰባት ደቂቃ አራቱን ጌሙ ውስጥ ስላለው የካርድ ጨዋታ አወሩ።

የቀኑን ምርጥ ክርክር ያቀረበችው የኤልደን ሪንጓ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የአክስቷ ልጅ ኮምፒውተር ላይ «ተጫውቼ» ካሉት ጥቂቶች አንዷ ናት። ይህ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የጃፓኖች ጌም ነው። የጀርባ ታሪኩን አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር አር ማርቲን ነው የጻፈው። «እዚህ ጌም ውስጥ ካርታ እንኳ አይሰጡህም» አለች። «ቁራጩን መንገድ ዳር ካለ የድንጋይ ሐውልት ሥር ፈልገህ ታነሳለህ። መጀመሪያ ላይ መንገድ የሚዘጋብህ ትልቅ ጠላት ማርጊት ይባላል። እኔ ከሃያ ጊዜ በላይ ገደለኝ። ከዚያ ነው የገባኝ። ማንም አሁኑኑ አሸንፈው አላለኝም። ዞሬ ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ ጎበዝ ሆኜ ተመለስኩ።» ከዚህ በላይ አልተናገረችም፣ ሁለት ደቂቃ ተርፏት ተቀመጠች። እኔ ዳኛ ብሆን ጨርሼ ነበር።

አሁን ወደ ፈረሱ ልምጣ። ከክርክሩ ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ አባት ቢሮ መጥተው ነበር። «መምህር፣ ልጄን ጌም እንዲማር ነው የላክሁት?» አሉኝ። እውነት አላቸው፣ ምን ልበል? ኑና ክርክሩን ይዩት አልኳቸው። መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከኋላ ተቀመጡ። ልጃቸውን ይዘው ሊወጡ የመጡ ነው የሚመስሉት። ፕሮጀክተሩ ላይ የአራቱም ጌሞች አጫጭር ቪዲዮ ታየ። መብራት አንዴ ብቻ ነው የሄደው። ጥያቄ ካላችሁ ሲባል እጃቸውን አወጡ።

እሳቸው በወጣትነታቸው ፈረስ ነበራቸው። ጅማ ደግሞ የትልቅ ሰው ስም «አባ» ተብሎ ከፈረሱ ስም ጋር የተጠራባት አገር ናት። የስካይሪምን ፈረስ ቀጥ ያለ ገደል ላይ እንደ ዝንጀሮ ሲወጣ አይተው «እንዲህ ያለ ፈረስ አልተፈጠረም» አሉ። የዊቸሩን ፈረስ ደግሞ አንዱ ልጅ በስህተት ቤት ጣሪያ ላይ ቆሞ የሚታይበትን ቪዲዮ ነበር ያመጣው። እሱን አይተው ዝም አሉ። የኤልደን ሪንጉ ቀንድ አለው፣ አየር ላይም ደግሞ ይዘላል። «ይሄማ ፍየል ነው» አሉ። የዜልዳው ፈረስ ግን ዱር ውስጥ ነው የሚያዘው። ከኋላው ቀስ ብለህ ትቀርባለህ። ስትወጣበት ይፈራገጣል፣ አንገቱን እየደባበስክ ታረጋጋዋለህ። መጀመሪያ ሰሞን ቀኝ ስትለው ግራ ይሄዳል። አባትየው ተነስተው ቆሙ። «ይሄን የሠራው ሰው ፈረስ ያውቃል» አሉ።

በድምፁ ዜልዳ 14፣ ኤልደን ሪንግ 13፣ ስካይሪም 9፣ ዊቸር 2 አገኙ። አባትየውም ድምፅ ሰጥተዋል። ኤልደን ሪንጎች ያ ድምፅ አይቆጠርም ብለው እስከ ጥር ተከራከሩ። ደንባችን ላይ «ድምፅ የሚሰጠው ተማሪ ነው» የሚል ስላልነበረ አጸደቅነው። አሁን ተጽፏል።

በሁለተኛው መንፈቅ መሟገት ሰለቸንና መሥራት ፈለግን። ገንዘብ የለም፣ ያሉን ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው። መውጫውን የሰጠን አንድ የቆየ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ የዋሻ ጌም ሠራ። ዋሻ መግባት ይወድ ነበር። ኬንታኪ ያለውን የማሞዝ ዋሻ ራሱ ዞሮ ያውቀዋል። የሠራው ለሴት ልጆቹ ነው። «ወደ ሰሜን ሂድ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ኮምፒውተሩ ያለህበትን ይነግርሃል። ይህ የኛም ኮምፒውተር ይችለዋል።

እኛ ዋሻ የለንም፣ ጅሬን ግን አለን። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በኮምፓስና በእርምጃ ለካን። በረንዳውን፣ ደረጃውን፣ የእንጨት ሥራውን ደብተር ላይ አሰፈርን። ካርታውን የሳለው ያው የጥቅምቱ ልጅ ነው። ፕሮግራሙን ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት ሁለት የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትዕዛዝ ይቀበላል። በሚያዝያ የመጀመሪያውን ሥራ ቫይረስ ያለበት ፍላሽ በላው፣ ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፍላሹ የኔ ነበር። በሦስት ሳምንት እንደገና ጻፉት፤ ከፊተኛው ይሻላል ይላሉ። እያጽናኑኝ ነው መሰለኝ።

ግንቦት ላይ ለትምህርት ቤቱ አሳየነው። ቁልፍ እያቆዩ ስላስመሹን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን የመጀመሪያዋ ተጫዋች እንዲሆኑ ጋበዝናቸው። ከበረንዳው ተነስተው ወደ ምስራቅ እሄዳለሁ ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሩ «አዌቱ ወንዝ ውስጥ ገብተሃል፣ ጨዋታው አበቃ» አላቸው። ሁለተኛም ሞከሩ፣ ሰጠሙ። ለካ ልጆቹ ፕሮግራሙ ውስጥ የጻፉት «ምሥራቅ» በንጉሡ ሠ ነው። በእሳቱ ሰ የጻፈ ሰው ትዕዛዙ ስለማይታወቅ ወንዝ ይገባል። «ምእራብ» ብሎ በአልፋው እ የጻፈም እንደዚያው። ሰሜንና ደቡብ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው በሰላም የሚመለሰው።

ልጆቹ ሊያስተካክሉት ተቀምጠው ሳለ የአማርኛ መምህራችን መጡና ስክሪኑን አዩ። «እንዳትነኩት!» አሉ። ሰኔ ላይ ቃላት አጻጻፍ ሊፈትኑበት ይዘውት ሄዱ፤ እስካሁን አልመለሱልንም።