የእንጦጦን ሰማይ ብርሃን እንዳይጋርደው

ለአዘጋጁ፦

ስለ አዲስ አበባ የመንገድ መብራት ሲወራ የእንጦጦው የኅዋ ምልከታና ምርምር ማዕከል ነገር አይነሳም። መነሳት ግን አለበት።

ማዕከሉ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ቦታው በከንቱ አልተመረጠም። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ እርጥበቱም ይቀንሳል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ደግሞ የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀል የሚባለውን የከዋክብት ስብስብም ከአንድ ተራራ ማየት እንችላለን። አውሮፓ ውስጥ ያለ ተመራማሪ ይህን ከደጁ አያገኝም።

ችግሩ ከተማዋ የተኛችው ከእንጦጦ በስተደቡብ መሆኑ ነው። የደቡብ መስቀል ዝቅ ብሎ የሚታየውም በዚያው በኩል ነው። ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ሰማዩ ይነጣል፣ ደብዛዛዎቹ ከዋክብት ይጠፋሉ። ክረምቱን እንደሆነ ደመናው ወስዶታል። የቀሩትን የበጋ ሌሊቶች በመብራት ማጣት በጣም ያሳዝነኛል።

መብራት ይጥፋ አላልኩም። ሰው በሰላም ቤቱ መግባት አለበት። ግን ወደ ላይ የሚረጭ ብርሃን ለእግረኛም ለሹፌርም አይጠቅምም፤ ኤሌክትሪክ ይበላል እንጂ።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩ በእንጦጦ ግርጌና በተራራው ፓርክ ካሉት መብራቶች ይጀምር። ክዳን ይደረግላቸውና ወደ መሬት ብቻ ያብሩ። ነጩ አምፖል በቢጫ ይቀየር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ይጥፉ።